የወታደር ሻንጣ ወይስ የውድ ዋጋ ሻንጣ?

የተማሪ ኪስ መቼም ቢሆን ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ለመግዛት ባሰብን ቍጥር ሁለት መካሪዎች ከፊታችን ይቆማሉ። አንደኛው «ርካሹን ገዝተህ ገንዘብህን አትርፍ» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ርካሽ ገዝቶ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ውዱን አንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል» ይላል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን ዕቃው ምን ሥራ እንደሚሠራ ሳይጠይቁ ስለሚፈርዱ ሁለቱም ሰውን ያሳስታሉ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ነገሩን በአንድ በተወሰነ ጉዳይ ላይ ለመመርመር አስበናል። ይኸውም በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች በእግሩ እየተጓዘ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የሚያድን ሰው ከጦር ሠራዊት የተረፈ የጀርባ ሻንጣ ይግዛ ወይስ ለአዳኞች ተብሎ የተሠራውን ውድ ሻንጣ? የሚለው ነው። አድኖ የማያውቅ አንባቢም ቢሆን ስለ ሸክም የሚነገረው ነገር ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ሸክሙን እንወቅ። አንድ የደረሰ ወንድ ኤልክ በሕይወቱ ሳለ ወደ 300 ኪሎ ይመዝናል። ተገፎ፣ ተወራርዶና አጥንቱ ወጥቶለት የሚቀረው ሥጋ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይደርሳል። መኪና በማይገባበት ተራራ ፈረስ ወይም በቅሎ ያልተከራየ አዳኝ ይህን ሁሉ በጀርባው ማውጣት አለበት። ትቶት ልሂድ ቢልም አይችልም፤ በእነዚህ ግዛቶች የሚበላውን የግዳይ ሥጋ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። በአላስካማ ሥጋው ሳይወጣ ቀንዱን ብቻ ተሸክሞ መምጣት ክልክል ነው። ከሕጉም ሌላ ጊዜው ራሱ ያጣድፋል፤ የኤልክ አደን በሚጀመርበት በመስከረም ወር ቀኑ ሞቃት ሊሆን ስለሚችል በጥላ ተሰቅሎ ነፋስ ያላገኘ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። በሞንታናና በዋዮሚንግ አንዳንድ ተራሮች ላይ ደግሞ ግሪዝሊ የተባለው ድብ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም የሚከተለው ሒሳብ አያቅተንም። ሥጋው 90 ኪሎ ነው፤ ከግዳዩ ቦታ እስከ መኪናው ያለው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። አዳኙ በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ መሸከም ከቻለ ሦስት ጊዜ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ሁለት ጊዜ ባዶውን ይመለሳል፤ በጠቅላላው 25 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሻንጣው ትከሻውን ስለሚቈርጠው 18 ኪሎ ብቻ የሚሸከም ከሆነ ግን አምስት ጊዜ ወርዶ አራት ጊዜ ይመለሳል፤ ድምሩም 45 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ይህም በዳገትና በቍልቍለት ሲታሰብ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ቀን ድካም ነው፤ በሞቃት ወቅትም ሥጋውን የሚያድን ወይም የሚያጠፋ ቀን ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የሻንጣው ጥያቄ የመልክና የክብር ጥያቄ ሳይሆን ሰውየው በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ ሳይጐዳ ማውጣት ይችላል የሚል ጥያቄ ነው።

ሰውነታችን ሸክምን በሁለት ቦታ ሊቀበል ይችላል፤ በትከሻና በዳሌ። ትከሻ ደካማ ነው። በማንገቻው ሥር ወደ ክንድ የሚወርዱ ጅማተ ነርቮች ስላሉ ከባድ ሸክም ለረጅም ሰዓት ሲጫናቸው ክንድ ይደነዝዛል፤ አልፎ አልፎም ለሳምንታት ወይም ለወራት ይዝላል። ይህ ሕመም በወታደሮች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ሐኪሞች የሻንጣ ሽባነት የሚል ስም ሰጥተውታል። ዳሌ ግን ሰፊና ጠንካራ አጥንት ነው፤ ከሥሩም የሰውነታችን ትልልቆቹ ጡንቻዎች አሉ። ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ ለማውረድ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው የማይታጠፍ ክፈፍ፣ ሁለተኛው በዳሌ አጥንት ላይ ጠበቅ ብሎ የሚቀመጥ ወፍራም የወገብ መታጠቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዲክ ኬልቲ የተባለው አሜሪካዊ በካሊፎርኒያ የአሉሚንየም ክፈፍና የወገብ መታጠቂያ ያለው ሻንጣ እየሠራ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ይህ አሠራር በተራራ ተጓዦች ዘንድ እየተስፋፋ ሄደ።

አሁን ወደ ወታደሩ ሻንጣ እንምጣ። በትርፍ ዕቃ መደብሮች በብዛት የሚገኙት ሁለት ዐይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው «አሊስ» የሚባለው ነው። ትልቁ አሊስ ከነአሉሚንየም ክፈፉ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ 60 ሊትር ያህልም ይይዛል። ጠንካራ ነው፤ ቢቀደድ በመርፌና በክር ይጠገናል፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር በታች ነው። ነገር ግን የተሠራው ለማን እንደሆነ አንዘንጋ። ወታደር በወገቡ ላይ የጥይት ቦርሳና የውሃ ኮዳ ይታጠቃል፤ ስለዚህ ሻንጣው ከዚያ ትጥቅ በላይ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ተደርጎ ተሠራ። የወገብ መታጠቂያው ቀጭን ነው፤ ክፈፉም አጭርና አንድ ልክ ብቻ ስለሆነ ቁመቱ ረዘም ባለ ሰው ላይ ዳሌውን አያገኝም። ይህ የሠሪው ስሕተት አይደለም፤ ለወታደር የሚስማማው ለአዳኝ አልተስማማም ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው በ1990ዎቹ መጨረሻ አሊስን መተካት የጀመረው «ሞሊ» ነው። ትልቁ ሞሊ የፕላስቲክ ክፈፍና እውነተኛ ወፍራም የወገብ መታጠቂያ ስላለው ዳሌ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያዎቹ ክፈፎች እየተሰበሩ ቢያስቸግሩም የኋለኞቹ ተሻሽለዋል። ጕድለቱ ክብደቱ ነው፤ ባዶውን ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። የወታደር ሻንጣ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ወታደራዊ የሚመስሉ ነገር ግን በደካማ ጨርቅ የተሰፉ ቅጂዎች በገበያው ሞልተዋል። እውነተኛው በውስጡ በተሰፋው ምልክት ላይ 13 አኀዝ ያለው የመንግሥት የዕቃ ቍጥር አለው። ከዚህም ጋር ስፌቱን፣ ዘለበቶቹንና የክፈፉን መጋጠሚያዎች በእጅ እየዳሰሱ መመርመር ይገባል።

በሌላው ወገን ያሉት ሻንጣዎች ከ500 እስከ 800 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠየቅባቸዋል። ሚስትሪ ራንች፣ ኪፋሩ፣ ስቶን ግሌሸርና ኤክሶ የሚባሉት ስሞች የታወቁ ናቸው። ሚስትሪ ራንች እ.ኤ.አ. በ2000 በቦዝማን ሞንታና ተመሥርቶ በ2024 በዬቲ ኩባንያ ተገዝቷል። ይህ ድርጅት ለአሜሪካ ወታደሮችም ሻንጣ ሠርቷልና «የወታደር» እና «የውድ ዋጋ» የምንለው ድንበር እንደሚመስለን የጠነከረ አይደለም። ገዢው ለስሙ ከሚከፍለው በቀር በሥራ የሚያገኘው ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፥ የክፈፉ ወይም የማንገቻው ልክ እንደ ሰውየው የጀርባ ርዝመት ይስተካከላል። ሁለተኛ፥ ሻንጣው ከክፈፉ ላላ ተደርጎ አንድ ሙሉ ታፋ ወይም ወርች በመካከላቸው ይገባና ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ይታሰራል፤ ሥጋው ወደ ኋላ ስለማይጎትት ሰውየው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሦስተኛ፥ ይህን ሁሉ እያደረገ ብዙዎቹ ባዶአቸውን ከ3 ኪሎ ብዙም አያልፉም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በእኛ አስተያየት መልሱ በርቀቱና በብዛቱ ይወሰናል። ከመንገድ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ ትንሽ አጋዘን ለማደን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ደህና ሞሊ ይበቃዋል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ጫማ ቢያውለው ይሻላል፤ እግሩ የተላጠ ሰው በማናቸውም ሻንጣ አይሸከምምና። አምስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ገብቶ ኤልክ የሚያድን፣ ያውም ብቻውን የሚወጣ ሰው ግን ከላይ ያሳየነውን ሒሳብ ቢያስብ የውዱ ሻንጣ ዋጋ ከመጠን ያለፈ ሆኖ አይታየውም። በመካከል ለሚገኘው ተማሪ ሁለት መንገዶች አሉ፤ የአሊስን ክፈፍ ገዝቶ የሞሊን መታጠቂያና ማንገቻ መግጠም፣ ወይም ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ውድ ሻንጣ በቅናሽ መግዛት ነው። ከሁለቱም በላይ ርካሹ ዘዴ ግን ጓደኛ ይዞ መውጣት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ጉዳይ ነው፤ ያ 90 ኪሎ ሥጋ ለሦስት ሰዎች የአንድ ጉዞ ሸክም ብቻ ነው።

ሻንጣው የትኛውም ቢሆን ከአደኑ በፊት መፈተን አለበት። 25 ኪሎ አሸዋ ወይም ሩዝ ሞልቶ አንድ ሰዓት ዳገት መውጣት ነው። መታጠቂያው በዳሌ ላይ ከጠበቀ በኋላ ማንገቻው ላላ ሲደረግ ሸክሙ ዳሌ ላይ መቆየት ይገባዋል፤ ክንድ ከደነዘዘ ወይም መታጠቂያው እየተንሸራተተ ከወረደ ያ ሻንጣ ለዚያ ሰው አይሆንም። ደግሞም ወታደራዊው ቀለም ለመደበቅ የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በኮሎራዶ በጠመንጃ አደን ወቅት አዳኝ ከወገቡ በላይ ቢያንስ 500 ካሬ ኢንች ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ሐምራዊ ጽጌረዳ ቀለም እንዲለብስ ሕጉ ያዛል፤ ትልቅ አረንጓዴ ሻንጣ ግን ያንን ከኋላ ይሸፍነዋል። ሥጋ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ በዛፍ መካከል የሚሄድ ሰው ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በሻንጣው ላይ አንድ ክንድ ብርቱካንማ ጨርቅ ማሰር የጥቂት ሳንቲም ወጪ ነው፤ ሕይወትን ግን ሊያተርፍ ይችላል።

እንግዲህ ወደ መደብር የምንገባ ሁሉ «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ለማን ተሠራ? ምን ሊሸከም? የት ላይ ሊያርፍ?» ብለን እንጠይቅ። ሻጩ መልስ ቢያጣ ሻንጣውን ሞልተን ራሳችን ተሸክመን እንየው።