የተልባ ዘይት ሰደፍ አይመግብም

የአያት ጠመንጃ ሰደፍ ሲነጣና ሲሻክር «እንጨቱ ተርቧል፣ የተልባ ዘይት አጠጡት» የሚል ምክር ሰሞኑን እንደ ሳይንስ ሲነገር ሰማሁ። ስህተት ነው፤ እሳት የሚያስነሳ ስህተት። ሰደፍ የሚሠራበት የዋልነት ግንድ ዛፉ ቆሞ ሳለ እንኳ መሀሉ የሞተ ነው። አይራብም።

ዘይቱ ግን ምን ይሆናል? ውሃ ተንኖ ይሄዳል። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን ወስዶ እንዲያውም ክብደት ይጨምራል። ከስብ አሲዶቹ ግማሽ ያህሉ አልፋ ሊኖሌኒክ ነው፤ ሦስት ድርብ ትስስር አለው። ኦክስጅን በነዚያ አጠገብ ይገባና ሞለኪውሉን ከጎረቤቱ ጋር ያቆላልፈዋል፤ እንደ ድርና ማግ ተያይዞ አንድ ልባስ ይወጣዋል። አዲስ ምጣድ በጎመንዘር ያሟሸች እናት ነገሩን በእጇ ታውቀዋለች፦ ያ ጥቁር አንጸባራቂ ልባስ ዘይት ነበር፣ አሁን አይደለም። ምጣዱን እሳት ያፋጥነዋል፤ ሰደፉ አየርና ቀናት ይበቁታል። («ይደርቃል» ስንል ውሃ የሸሸ ይመስላል። «ይረጋል» እንዳልል የረጋ ቅቤ መልሶ ይቀልጣል። «ይተሳሰራል» ይሻላል።)

መተሳሰሩ ሙቀት ያወጣል። ሰደፉ ላይ ቅቡ ስስ ስለሆነ ሙቀቱ ይበተናል፤ ዘይት ጠጥቶ ተጨማዶ በተጣለ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ አጥቶ ጨርቁን ያቀጣጥለዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በፊላደልፊያ የዋን ሜሪዲያን ፕላዛ ሕንጻ 22ኛ ፎቅ እሳት የተነሳው ከእንዲህ ያለ ጨርቅ ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱበት። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አስጡት።

ይቀባ ወይስ አይቀባ በሚለው እኛው የእንጨት ሰዎች አንስማማም። ብዙ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ዘይቱ ስለሚጠቁርና ከተሳሰረ በኋላ ስለማይነሳ አይነኩትም። እኔ ቀድሞ በዘይት ለተሠራ፣ ዛሬም በእጅ ለሚያዝ ሰደፍ፣ ያውም ተቀብቶ የተረፈው ከተወለወለ፣ እፈቅዳለሁ። እርጥበት በደንብ ይከላከላል ግን አልልም፤ አይከላከልም።

የብርጭቆ ወረቀትን ጨርሶ አልፈቅድም። ውጅግራን ውሰዱ፤ ስሙ ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» የመጣ፣ የእ.ኤ.አ. 1874 ሞዴል ጠመንጃ። በሰደፉ ጎን የፋብሪካው ክብ ማህተም እንጨቱ ላይ ተመትቶበታል፤ ትንሽ ቢፈተግ ይጠፋል። የጎደጎደውንም ቦታ አትላጉት። እንጨቱ አልጎደለም፣ ሴሎቹ ተጨፍልቀው ነው። እርጥብ ጨርቅ ደርባችሁ ትኩስ ካውያ አሳርፉበት፤ እንፋሎቱ ሲገባ ያብጡና ጉድጓዱ ዓይናችሁ እያየ ይነሳል። ከማህተሙ ግን አርቁት፤ እሱም ተጨፍልቆ የተሠራ ስለሆነ አብሮ ይነሳል።