የተጣመመ መንጋጋ እንዴት ይቀናል?

አገጩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሰው ስናይ ብዙዎቻችን «ይህ ሰው አኩራፊ ነው» ብለን እንፈርዳለን፤ ሰውየው ግን አጥንቱ አድጎበት እንጂ አኩርፎ አይደለም። ስለ አጥንት መጻፍ የአርትስ ተማሪ ሥራ አይደለም የሚለን የሕክምና ተማሪ ካለም፣ ፊት የሁሉም ነውና ይታገሠን።

የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ጫፉ ከጆሮ ፊት ለፊት ከራስ ቅል ጋር ይጋጠማል። ከሁለቱ ጫፎች አንደኛው፣ ሌላው ካቆመ በኋላ ማደጉን ከቀጠለ አገጩን ወደ ማዶ ይገፋዋል። በልጅነት በመውደቅ ወይም በጆሮ ቁስል ምክንያት አንዱ መጋጠሚያ ከተጎዳ ደግሞ ያ ወገን አጭር ሆኖ ይቀራል፤ አገጩም ወደ ታመመው ወገን ይሄዳል። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ መልካቸው ይመሳሰላል፤ በሽታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው የታመመው ወገን የትኛው እንደ ሆነ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ጥያቄ ግን እድገቱ መቆም አለመቆሙ ነው። አጥንቱ እያደገ ሳለ የቀና መንጋጋ ዳግመኛ ይጣመማልና። ይህን ለማወቅ የጥርሱ ቅርጽ በየጊዜው በጀሶ እየተወሰደ ይነጻጸራል፤ መሣሪያው ባለበትም ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ቴክኔቲየም በደም ሥር ተሰጥቶ የትኛው ጫፍ አብዝቶ እንደሚስበው በካሜራ ይታያል። አሁንም የሚያድግ ከሆነ ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ተቆርጦ እድገቱ ይገታል።

እድገቱ ከቆመ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ዘዴ ኦብዌገዘር የተባለው ኦስትሪያዊ ሐኪም ከትራውነር ጋር በ1957 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው ነው። በአፍ ውስጥ ተገብቶ የመንጋጋው ኋለኛ ክፍል በግራም በቀኝም እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት ይሰነጠቃል። ጥርስ የተሸከመው ክፍል ተንሸራቶ ወደ መሐል ከዞረ በኋላ በትንንሽ የቲታኒየም ብረቶችና ብሎኖች ይያያዛል። ጥርሶቹ አስቀድመው በሽቦ መስተካከል ስላለባቸው ዝግጅቱ ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ዋጋም አለው። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚያልፈው በዚሁ አጥንት ውስጥ ነው። ብዙዎች ከቀዶ ሕክምናው ሲነቁ ከንፈራቸው ደንዝዟል፤ ለአብዛኞቹ ስሜቱ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ለአንዳንዶች ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ሾርባ በአገጫቸው ሲወርድ አይሰማቸውም። ማኘክ የተሳነው ሰው ይህን ቢቀበል አንፈርድበትም። ያስጨነቀው የሰው ዓይን ብቻ ከሆነ ግን ቁርጡ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል እንላለን። ጥርሱ በደንብ ለሚገጥምለት ሰው የአገጩን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ወደ መሐል ማምጣት ይቻላልና፤ ይህም ሥራው የቀለለ፣ ለነርቩም አደጋው ያነሰ ነው።