ተጨማሪ መረጃ፦ ባለ ሦስት ቀለሟ የክንድ መለኪያ

ከዋግ ኽምራ ተራራማ ጎጦች ሰቆጣ ከተማ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረስ ለድሃ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሕፃናት የምግብ እጥረት ምርመራ ወደ ጎጡ ይሄዳል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በገጠር ቀበሌዎች ጤና ኬላዎች ተከፍተዋል። የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ቤት ለቤት የሚያግዟቸው የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ግን በነፃ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከምርመራው መሣሪያዎች አንዱ «ሙዋክ» ይባላል፤ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ የሚለካ ባለ ቀለም ጥብጣብ ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ባለው ሕፃን ግራ ክንድ፣ በትከሻው ጫፍና በክርኑ እኩሌታ ላይ፣ ሳይጠብቅም ሳይላላም ይጠመጠማል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ያሳያል፤ ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። አንድ ወሰን ለዚህ ሁሉ ዕድሜ እንዴት ይበቃል? በእነዚህ ዓመታት የክንድ ዙሪያ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው፤ ሕፃኑ ሲራብ ግን ጡንቻውና ስቡ ቶሎ ይሟጠጣል።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ሊያስቀረው የተነሣው መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ከዕድሜ በታች መሆን፣ በዚህ ጥብጣብ አይታወቅም። እሱን ለማወቅ ቁመት መለካት ግድ ነው።

እስቲ ሞክሩ፦ በክርና በማስመሪያ የጓደኛችሁን ክንድ እኩሌታ ፈልጋችሁ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ለኩ። ልዩነቱ ስንት ሚሊ ሜትር ሆነ? የቀለሞቹ ወሰን ግን ለእናንተ ዕድሜ አይሠራም።