የውሻ ምድብ የሥራ መዝገብ ነው

አቃቂ ቃሊቲ ሲመሽ፣ የመጋዘኑ በር ከተዘጋ በኋላ፣ ከዘበኛው ጎጆ ሥር አጭር ፀጉር ያለው፣ ጅራቱን ወደ ጀርባው የጠቀለለ ዳማ ውሻ ይጋደማል። የሚያውቀው ሠራተኛ ሲያልፍ ጅራቱን ይቆላል፤ እንግዳ ኮቴ ሲሰማ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። የሐበሻ ውሻ እንለዋለን። ከጀርመን ሼፐርድ ጎን ሲቆም ግን «ዘር የለውም» ተብሎ ይናቃል። ንቀቱ መሠረት እንደሌለው የዓለም የውሻ ምድቦች አከፋፈል ራሱ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልጂየም የሆነው ዓለም አቀፍ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዝርያዎችን በ10 ምድብ ይከፍላል። ከብትና በግ የሚጠብቁትን በ1ኛው፣ ሮትዋይለርን የመሰሉ ደንዳና ውሾችን በ2ኛው አስቀምጧል። አዳኞቹንም እንደ ሙያቸው ለያይቷቸዋል፦ ዱካ አሽትቶ የሚከተለው 6ኛ፣ ወፍ ያለበትን ቆሞ የሚጠቁመው 7ኛ፣ የተመታውን አንሥቶ የሚያመጣው 8ኛ፣ በዓይኑ አይቶ በሩጫ የሚይዘው 10ኛ ነው። ጥንታዊ መልካቸውን የያዙት በ5ኛው ይመደባሉ። እንግዲህ የአከፋፈሉ ዋና መለኪያ ሰው ውሻውን ለምን ፈለገው የሚለው ነው። ከኢትዮጵያ በመዝገቡ የሰፈረ ዝርያ የለም፤ መዝገብ የሚያስገባው ግን ትውልድ ቆጥሮ የሚያዋልድ ማኅበር እንጂ የውሻው ብቃት ብቻ አይደለም።

«ዝርያ በደም ውስጥ ያለ እውነት ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የዘር ምርመራ ዝርያዎችን ይለያል። የምድቡን ድንበር የሚያሰምረው ግን ሰው ነው። የመካከለኛው አፍሪካው ባሴንጂ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ከጥንታውያኑ ጋር ሲቆጠር፣ በ7 ምድብ የሚሠራው የአሜሪካ ማኅበር ከአዳኞቹ ደምሮታል። ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1983 የእረኛ ውሾችን ምድብ ሲያቋቁም ጀርመን ሼፐርድን ከሥራ ውሾች ወደዚያ አዛውሯል። ውሻው አልተለወጠም፤ የተለወጠው መዝገቡ ነው።

«ቢሆንም ዝርያው ጠባዩን ይነግረናል» ለሚለውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን የዳሰሰ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው በአማካይ 9 በመቶውን ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ትእዛዝ መቀበልን በመሰለ ጠባይ ዝርያ የተሻለ ይጠቁማል፤ የአንዱን ውሻ ጠባይ አስቀድሞ ለማወቅ ግን አይበቃም። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ያሉት አባቶችም ያዩት አያያዙን እንጂ ዘሩን አይደለም። ስለዚህ ለግቢው ውሻ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሥራውን ይወቅ፤ ያሳደገውን ውሻ ያብላው፣ ያሠልጥነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትበው። ሌሊቱን ሙሉ መጋዘን ሲጠብቅ የሚያድር ውሻ፣ መዝገብ ባይጽፈውም፣ በሥራው ምድብ አለው።