የሽብር ስጋት በምን ይመዘናል?

በሕዝብ ደህንነት ላይ የሚያንዣብብ የሽብር ስጋት ሲመዘን ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው መቅረብ ይኖርባቸዋል። አንደኛው አደጋው ቢደርስ ምን ያህል ጉዳት ያስከትላል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ዕድሉን ለመገመት የአድራጊው ዓላማና አቅም እንዲሁም የአካባቢው ተጋላጭነት በአንድነት ይታያሉ።

ለአብነት ያህል በሰኔ 1987 ዓ.ም በግብጹ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ የተቃጣው የግድያ ሙከራ፣ በጥቅምት 2006 ዓ.ም በቦሌ ሁለት ሰዎች ለጥቃት ባዘጋጁት ፈንጂ ራሳቸው የሞቱበት ክስተት፣ እንዲሁም ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም በመስቀል አደባባይ የደረሰው የቦምብ ጥቃት ሁሉም የተፈጸሙት በአዲስ አበባ ነው። እንዲህ ያሉ ጥቃቶች በአብዛኛው ከፍተኛ ባለሥልጣናትንና ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን ስፍራዎች ዒላማ ያደርጋሉ።

በምዕራብ ጎጃም ዞን ግን ምዘናው ሌላ መልክ አለው። በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ በተካሄደበት በነሐሴ 2015 ዓ.ም፣ በዞኑ ርዕሰ ከተማ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የመኖሪያ ሰፈሮች በከባድ መሣሪያ መመታታቸውን የሚያመለክቱ ተዓማኒ መረጃዎች እንደደረሱት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማስታወቁ ይታወሳል። በፍኖተ ሰላም ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውንም አንድ የሆስፒታል ኃላፊ በወቅቱ ለውጭ የዜና ወኪል ገልጸዋል።

በመሆኑም የመዲናዋን የስጋት ዝርዝር እንዳለ የሚቀዳ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የመሥሪያ ቤቱን በር እያስጠበቀ ይበልጥ ሊደርሱ የሚችሉትን አደጋዎች ሊዘነጋ ይችላል። እነዚህም ነዋሪው በተኩስ መካከል መያዙ፣ በመንገድ ላይ የሚፈጸም እገታና ሳይፈነዱ የቀሩ ተተኳሾች ናቸው።

ሕጉም ልዩነቱን ይጠብቃል። በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 መሠረት አንድ ድርጊት ሽብር የሚባለው የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማን ለማራመድ፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ታስቦ ሲፈጸም ነው። ለገንዘብ ብቻ የሚፈጸም እገታ ከባድ ወንጀል ቢሆንም በዚህ ትርጉም ውስጥ አይወድቅም። ሁሉም አደጋ በአንድ ስም ከተመዘገበ መፍትሔውም ይደባለቃል፤ እገታ የመንገድ ጥበቃን፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ ደግሞ የባለሙያ አሰባሰብንና ለሕፃናት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያን ይጠይቃልና።

ስለዚህ ከቀበሌ ጀምሮ የሚቀርብ ሪፖርት ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን፣ ቦታ፣ መሣሪያና ጉዳት መያዝ፣ በዓይን የታየውንም ከተወራው መለየት ይኖርበታል። የስጋት ደረጃ በወሬ ብዛት ከተወሰነ ጥበቃው አደጋው ከሌለበት ስፍራ ይውላል፤ ዋጋውን የሚከፍለውም አርሶ አደሩና መንገደኛው ነው።