ከእንጦጦ እስከ አቃቂ፦ የከተማ ዕድገትና የአረንጓዴ ስፍራ ጥበቃ



ዛሬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። አንዲት ከተማ እያደገች አረንጓዴ ስፍራዋን ልትጠብቅ ትችላለችን? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አገር አልሄድም፤ የምንኖርባት አዲስ አበባ በቂ ምስክር ናት።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ሆኖም ማገዶ ሰጠ እንጂ የቀድሞውን ደን አልመለሰም። ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ለማገዶ ስለሚጠረግ አፈሩ ለጎርፍ ይጋለጣል። ስለዚህ አረንጓዴ ሆኖ የታየን ሁሉ እኩል አገልግሎት ይሰጣል ብለን መደምደም አንችልም።

አረንጓዴ ስፍራን ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ እንቆጥረዋለን። እኔ ግን እንደ መንገድና እንደ ውኃ መስመር መሠረተ ልማት ነው እላለሁ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ደቡባዊው የአቃቂ ሜዳ ግን ወደ 2100 ሜትር ዝቅ ይላል። የክረምት ዝናብ ይህን ቁልቁለት ይዞ በቀበናና በሌሎች ወንዞች ይወርዳል። በተራራው ላይ ዕፅዋትና ልቅ አፈር ካለ የውኃው ከፊል ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ቀሪውም ቀስ ብሎ ይወርዳል። መሬቱ በአስፋልትና በሲሚንቶ ሲሸፈን ግን ያው ዝናብ በአንድ ጊዜ ወንዙን ይሞላል። ከላይ በሕጋዊ ፈቃድ የተሠራ ቤት ከታች በወንዝ ዳር የሚኖረውን ድኻ ቤት ሊያፈርስ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ከታወቀ አረንጓዴ ስፍራ ስለ ምን ይጠፋል? አንዱ ምክንያት የሒሳብ አያያዛችን ነው። የከተማ መሬት በሊዝ ሲተላለፍ ለከተማው ገቢ ያስገኛል፤ ባዶ የሚመስለው ሜዳ ግን በመዝገብ ላይ ዋጋ የለውም። ያስቀረው ጎርፍ፣ ያቀዘቀዘው አየር፣ ሕፃናት የተጫወቱበት ሰዓት በገቢ ዓምድ አይጻፍም። በመሆኑም ዛሬ አንድ ጥግ፣ ነገ ሌላ ጥግ እየተሸረፈ፣ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ፣ ማንም በአንድ ቀን ሳይወስንበት ያልቃል።

የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ የሚሆነውን መሬት ለአረንጓዴ ስፍራ መመደቡ ታላቅ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ድምር ብቻውን አያረካኝም። ሦስት ጥያቄዎች ሊከተሉት ይገባል። የመጀመሪያው የት ነው የሚል ነው፤ የእንጦጦ ደን ስፋት መርካቶ ውስጥ ለሚኖር ሕፃን የሰፈር ሜዳ አይሆነውም። ሁለተኛው ምን ዓይነት የሚል ነው፤ በየጊዜው ውኃ የሚጠጣ ሣርና አገር በቀል የጥድ ደን በአንድ ስም ሊቆጠሩ አይገባም። ሦስተኛው የማን የሚል ነው።

በሦስተኛው ላይ ጥቂት ልቆይ። ለብዙ ዘመን እናቶችና እኅቶች ከእንጦጦ ከባድ የማገዶ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል። ደኑን ከእነርሱ መጠበቅ ቀላል ነው፤ በር ማቆም ይበቃል። ከእነርሱ ጋር መጠበቅ ግን ሌላ መተዳደሪያ ማመቻቸትን ይጠይቃል። ዘላቂ ልማት ለመጪው ትውልድ የሚቆረቆረውን ያህል ለዛሬው ድኻ ካልተቆረቆረ ስሙን ያጣል።

ተስፋችን ባዶ አይደለም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ግቢ ያረጁ ጥዶችና ወይራዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። የቆሙት ሕግ ስለ ተጻፈላቸው ብቻ ሳይሆን፣ የእኔ ናቸው የሚል ማኅበረ ሰብ ስላላቸው ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም የከተማው አስተዳደርና ዩኒቨርሲቲ ተባብረው አገር በቀል ዕፅዋትን ማሰባሰብ እንደሚችሉ አሳይቷል። ከሁለቱ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ እያንዳንዱ አረንጓዴ ስፍራ በካርታ የተለየ ወሰን፣ በሕግ የታወቀ ባለቤት፣ በቅርቡም የሚቆረቆርለት ጎረቤት ያስፈልገዋል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ የግንባታ ፈቃድ የምትፈርሙ ትኖራላችሁ። አንድ ሜዳ ባዶ ነው ተብሎ ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ክረምት ሲገባ ሄዳችሁ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ።