ተገጣጣሚ ቤትና የየአገሩ ፀሐይ

በመምህራን ማሠልጠኛችን ለተግባር ትምህርት እንዲረዳ፣ በፀሐይ ኃይል የሚጠቀም ተገጣጣሚ ቤት ሞዴል ከካርቶን እንዲሠሩ ሠልጣኞቻችንን አዘዝናቸው። ሥራው በጥንቃቄ ተሠርቶ ቀረበ። ይሁን እንጂ ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ ጣሪያውን በጣም አቁመው ወደ ደቡብ አዙረውት ነበር። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው «በመጽሐፉ ያለው ሥዕል እንዲህ ነው» አሉን። ሥዕሉ የአውሮፓ ቤት ነበር። መጽሐፉን የሰጠናቸው እኛው በመሆናችን ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ተገጣጣሚ ቤት ማለት ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በቦታው ላይ የሚገጣጠም ቤት ነው። ልኩ ትክክል ይሆናል፤ የዕቃ ብክነት ይቀንሳል፤ በዝናብ ምክንያት የሚቋረጠው ሥራም ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩና የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ማሰሪያ እንኳ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዋሽንግተን የተጀመረው «ሶላር ዴካትሎን» የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተማሪዎቹ በአገራቸው የሠሩትን ቤት ፈታተው ያጓጉዙ ነበር፤ በውድድሩ ቦታም መልሰው ገጣጥመው በ10 ልዩ ልዩ ፈተናዎች ይወዳደሩ ነበር። ከጀርመን አገር የመጡት የዳርምሽታት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 አሸንፈዋል።

እንግዲህ ቤት ውቅያኖስ ሊሻገር ይችላል። የፀሐይ ከፍታ ግን ከቤቱ ጋር አይጓዝም። በእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ በላይ ያላትን ከፍታ ለማግኘት፣ በቦታው ኬክሮስና ፀሐይ በዚያ ቀን በአናቱ በምታልፍበት ኬክሮስ መካከል ያለውን ልዩነት ከ90 ዲግሪ መቀነስ ነው።

በጀርመን የፍራይቡርግ ከተማ 48 ዲግሪ ሰሜን ላይ ትገኛለች። በዚያች ከተማ በሽሊርበርግ፣ ሮልፍ ዲሽ የተባለው አርክቴክት የነደፈው 59 ቤቶች ያሉት የፀሐይ መንደር አለ። ቤቶቹ ከሚጠቀሙበት የበለጠ ኃይል ያመነጫሉ። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከፍታ 18.5 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በሰኔ አጋማሽ 65.5 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ከግድግዳው ወጣ ያለው ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ የበጋውን ፀሐይ ሲከላከል፣ ዝቅ ያለው የክረምት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ቤቱን ያሞቃል።

አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በታኅሣሥ የእኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 57.5 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ዞራ 75.5 ዲግሪ ትደርሳለች። እንግዲህ ወደ ደቡብ 45 ዲግሪ የቆመ ጣሪያ፣ በሰኔ እኩለ ቀን ቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን የሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ነው። በ10 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ጣሪያ ግን ከመቶ 91 እጅ ያገኛል፤ አቧራውንም ዝናብ ያጥብለታል።

ልዩነቱ በአንድ ቤት ብቻ አይወሰንም፤ የሰፈሩንም ፕላን ይነካል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 9 ሜትር ቁመት ያለው ቤት በፍራይቡርግ 27 ሜትር ያህል ጥላ ሲጥል፣ በአዲስ አበባ የሚጥለው 6 ሜትር እንኳ አይሞላም። የሩቁን አገር ፕላን እንዳለ የሚገለብጥ ሰው ብዙ መሬት በከንቱ ያባክናል። የእኛን ወደዚያ የሚወስድ ደግሞ ጎረቤቱን በጥላ ይሸፍናል።

ስለሆነም መምህራን ሞዴሉን ከማሠራታቸው በፊት፣ ተማሪዎች አንድ ሜትር ቁመት ያለው ዘንግ በግቢው ተክለው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላውን በየወሩ እንዲለኩ ቢያደርጉ መልካም ነው። ግድግዳው ከየትም ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል። የጣሪያው አቅጣጫና ተዳፋት ግን ቤቱ በሚቆምበት መሬት ላይ ተለክቶ መወሰን ይኖርበታል። ሠልጣኞቻችንም ዘንጉን ተክለው ከለኩ በኋላ የካርቶኑን ጣሪያ አፍርሰው እንደ ገና ሠርተውታል።